የሞተሬ እርፍ እና የአያ ፈንታ ማረሻ

ሰው የገዛ እጁ ሥራ ይዞት ሲተኛ ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። መጀመሪያ ሥራውን ይረግማል፤ ቀጥሎ ራሱን ይረግማል። ከዚያ በኋላ የሚያስበው ከሰው ሰው ይለያያል። እኔ ያሰብኩትን እስከ ዛሬ በጽሑፍ አላሰፈርኩትም። አሁን የምጽፈው አባቶች እንዲያነቡት ነው፤ ልጆች ቢያነቡትም አልከፋም።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ነው። ገና ጎልማሳ ነበርኩ፤ አግብቼ አንድ ወንድ ልጅ ወልጄ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በደብር አጥር ሥር ነው፤ ከዚያ በላይ ያስተማረኝ የለም። ማንበብን ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ለመድኩ፤ ሞተር መፍታትን ደብረ ታቦር አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ እያየሁ ተማርኩ። በዚህም ለከብት ሐኪሞች መልእክተኛ ሆንኩ። ሥራዬ ቀላል ነው፦ አገሩ «ደስታ» እያለ ለሚጠራው የከብት በሽታ ሐኪሞቹ ክትባት ይዘው በበቅሎ ከመድረሳቸው በፊት ቀድሜ እሄድና ገበሬው ከብቱን እንዲሰበስብ እናገራለሁ።

የምሄድበትን ሞተር ብስክሌት አንድ ፈረንጅ ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ ነው የተወው። አሮጌ ነው። ድንጋይና ገደል እየወጡ ለሚወዳደሩ ሰዎች የተሠራ፣ ቀላል፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ መቀመጫው የእጅ መዳፍ የሚያህል ነገር ነው። ተቀምጠው ሳይሆን ቆመው ይነዱታል። መሪው ግን ለአጭር ሰው የተሠራ ነው፤ እኔ ደግሞ ረጅም ነኝ። ቆሜ ስነዳ የጎበጠ ሽማግሌ እመስላለሁ፤ ማታ ወገቤ አልዘረጋ ይላል። ገበሬዎቹ መሪውን «እርፍ» ይሉት ነበር፤ ከሞፈሩ ጫፍ እየጨበጡ እንደሚያርሱበት እርፍ። «እርፍህ ዝቅ ብሏል፤ በሬ ነው ወይስ አይጥ የምታርስበት?» ብለው የሚስቁብኝም ነበሩ።

ስለዚህ ከፍ ላደርገው ወሰንኩ። መሪው ከፊት ሹካው ራስ ላይ በሁለት ማቀፊያ ተይዞ ይቀመጣል። ከማቀፊያዎቹ ሥር ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ወፍራም ብረት ባስገባና በረጅም ቡሎን ብይዛቸው፣ መሪው ወደ እጄ ይመጣል። ብረቱን ከየት ላምጣው? በእኛ አገር ወፍራም ብረት ማለት ማረሻ ነው። አንድ ዓርብ፣ አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ፣ አንድ ወጣት ማረሻ ይዞ ቆሞ አገኘሁ። ከጣሊያን መኪና ባሌስትራ፣ ጭነቱን ከሚሸከመው ሞላ ብረት፣ ድርብ ሆኖ የተቀጠቀጠ፣ ሲመቱት እንደ ደወል የሚጮህ ብረት ነው። አንጥረኛው ከላዩ መስቀል መትቶበታል። ገዛሁት፤ በከሰል እሳት አለስልሼ ከወፍራሙ በኩል ሁለት ቁራጭ አወጣሁ። መጋዙ በመስቀሉ መኻል ለመኻል ሄደ። ግማሹ በግራ፣ ግማሹ በቀኝ ብረት ላይ ቀረ። ምልክቱን ወደ ነጂው አዙሬ ገጠምኩት።

የእኛ መንገድ መንቀጥቀጡ ቡሎን ላይ የሚጠበቀውን ዳዶ ያላላል። ስለዚህ ዳዶዎቹን ካጠበቅሁ በኋላ ከዳዶው ያለፈውን የቡሎን ጫፍ በመዶሻ ደፈጠጥኩት። «ከእንግዲህ አይላላም» አልኩ። እውነትም አልላላም።

ነገሩ በሆነበት ቀን ከአርብ ገበያ ተነስቼ ወደ ወገዳ እሄድ ነበር። ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ቀርቶታል። መንገዱ በአንድ ቦታ ወደ ደረቅ ወንዝ ይወርድና በሁለት ቋጥኝ መኻል ያልፋል፤ ጭነት ያለው አህያ ከወዲያ ሲመጣ ከወዲህ ያለው ቆሞ የሚያሳልፍበት ጠባብ ነው። የወንዙን ወለል ይዤ ሽቅብ ስል የኋላ ጎማዬ ምንጭ ያራሰው ድንጋይ ላይ ከዳኝ። ሞተሩ ወደ ኋላ ተንሸራቶ በጎኑ ወደቀ፤ እኔም አብሬው።

ግራ እግሬ ከጉልበት በታች በሞተሩና በድንጋዩ መኻል ገባ። የጋለው የጭስ ማውጫ፣ ማርሚታው፣ ባቴን ያቃጥለኝ ጀመር። እርጥብ አሸዋ እየዛቅሁ በባቴና በማርሚታው መኻል ሞላሁ። ጠባሳው ዛሬም አለ። ሞተሩን ልገፋው ሞከርኩ፤ አልተነቃነቀም። ቀና ብዬ ሳይ የመሪው አንድ ጫፍ ከቋጥኙ ስንጥቅ ገብቶ ተቀርቅሯል። ዝቅ ብሎ እንደ ድሮው ቢሆን ኖሮ ከስንጥቁ በታች ያልፍ ነበር። ግን ያን ጊዜ ደግሞ ሞተሩ ሙሉ ክብደቱን በእግሬ ላይ ይጥለው ነበር። እኔ የሠራሁት ብረት እግሬን ከመሰበር አድኖት፣ እንዳይወጣም ይዞታል።

የመፍቻ ከረጢቴ ከመቀመጫው ኋላ ስለነበር ተንጠራርቼ አገኘሁት። መሪውን ከፈታሁ እወጣለሁ ብዬ ዳዶውን ያዝኩ። ትንሽ ዞረና ከተደፈጠጠው ጫፍ ሲደርስ ቆመ። ሌላውን ያዝኩ፤ እሱም ቆመ። መዶሻዬ የጨረሰው ሥራ ነው። ጮህኩ። ድምፄ ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ ሄዶ ወደ እኔው ተመለሰ።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ከላይ የሰው ንግግር ሰማሁ።

«ያ ምንድን ነው?»

«ባለሞተሩ ነው። በቅሎው ጥላው ስታበቃ ላዩ ላይ ተኝታለች።»

ሁለት ሰዎች ናቸው። እየተደጋገፉ የሚወርዱ መስሎኝ ነበር፤ ሲቀርቡ ግን የሁለቱ ጋቢ ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሯል። ይህን የዛሬ ልጆች አያውቁትም። ሰው ሰውን ከከሰሰ «በንጉሥ አምላክ» ብሎ ያስቆመውና የልብሳቸውን ጫፍ ይቋጥራል፤ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ። በከተማ ቀርቶ ነበር፤ በእኛ በኩል ግን ገና አልቀረም።

ከሳሹ አያ ፈንታ ይባላሉ፤ ጠጉራቸው የሸበተ፣ አንገታቸው የማይታጠፍ ሰው ናቸው። ተከሳሹ አዳነ ጎረቤታቸው ነው፤ አፉ የማያርፍ። ወገዳ ፍርድ ቤት እየሄዱ ነበር።

«አንሱልኝ» አልኩ። «እግሬ ተይዟል።»

ከነቋጠሯቸው ጎንበስ ብለው ሞተሩን ያዙ። ሲያነሱት በተቀረቀረው መሪ ላይ ዞረና እግሬን ይበልጥ ጨፈለቀው። ጮህኩ። መልሰው አስቀመጡት።

«እርፉ ነው የያዘው» አለ አዳነ፣ ጎንበስ ብሎ አይቶ። «እርፉ ካልወለቀ አይሆንም።»

«ዳዶው የማይወጣው ጫፉ ስለተደፈጠጠ ነው» አልኩ። «ጫፉ በሞረድ ቢበላ በመፍቻ እፈታው ነበር።»

«ሞረድ አለኝ። ማጭድ የምስልበት። ቤቴ እዚህ አፋፉ ላይ ነው፤ ሮጬ ላምጣው።»

«ሮጠህ የት እንደምትደርስ እኔ አውቃለሁ» አሉ አያ ፈንታ።

«የት እደርሳለሁ? ሚስቴ እዚህ፣ ልጆቼ እዚህ፣ መሬቴ እዚህ።»

«ማረሻዬም እዚህ ነበር።»

«እንግዲያው አንተ ሄደህ አምጣው።»

«አንተን ለማን ትቼ?»

«እሺ፣ ሰውየው ይሙት?»

አያ ፈንታ እኔን አዩ፣ ቋጠሮውን አዩ። «ሕግ ሕግ ነው። ዋስ ጥራና ልፍታህ።»

አዳነ ዙሪያውን ቃኘ። ድንጋይ ነው። ከድንጋይ በቀር እኔ ነኝ ያለሁት።

«ይኸው ዋሴ» አለ በጣቱ እያሳየ።

«ይህ?»

«ከዚህ የተሻለ ዋስ ከየት ታመጣለህ? አይሮጥ፣ አይደበቅ።»

አያ ፈንታ አልሳቁም። ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ይህ ሰው ባይመለስ በእሱ እግር ትገባለህ?»

«በየትኛው እግሩ?» አለ አዳነ።

«እገባለሁ» አልኩ። ሰውየውን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ሌባ ይሁን ጨዋ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ማለት የምችለው ግን ይህን ብቻ ነበር።

ቋጠሮው ተፈታ። አዳነ ሽቅብ ሮጠ፤ የድንጋዩ ኮርኮርታ እስኪጠፋ አዳመጥኩት። አያ ፈንታ አጠገቤ ተቀምጠው ለአቧራ አንገቴ ላይ የጠመጠምኩትን ነጠላ ጫፍ ሳቡና ከጋቢያቸው ጫፍ ጋር ቋጠሩት። አሁን ከታች በብረት፣ ከላይ በጨርቅ ታሰርኩ።

ወደ ጉና ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። እሳቸውም አይተውታል። የያዘን ቦታ ላይ ሲዘንብ ጎርፍ የሚወርድበት የወንዝ አፍ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

«ክሱ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ማረሻ ነው» አሉ። «የአባቴ ማረሻ። ከጣሊያን መኪና ባሌስትራ ያሠራት፣ ድንጋይ የማይሰብራት። አንጥረኛው መስቀል መትቶባታል። ከጎተራዬ ሥር ጠፋች። በዚያ በኩል የሚያልፈው አዳነ ብቻ ነው።»

ፊቴ ከመሪው ሥር ነው ያለው። ግማሹ መስቀል በግራ፣ ግማሹ በቀኝ ሆኖ ወደ እኔ ያያል። እጄን አንስቼ እንደ መደገፍ አድርጌ በብረቶቹ ላይ ጫንኩት።

«ማረሻዋ በጠፋች ሰሞን ልጄም ጠፋ» አሉ ቀጥለው። «ይርዳው ይባላል። ጎረቤት ማረሻዬን ወሰደ፣ ቆላው ልጄን ወሰደ። ለጉልበት ሥራ ወርዶ ንዳድ በልቶት ይሆናል። የሚነግረኝ የለም።»

ማረሻውን የሸጠልኝ ወጣት ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አንባቢ ሆይ፣ እውነት ሁልጊዜ ይነገር ብዬ ልጄን የቀጣሁ ሰው ነኝ። በዚያች ሰዓት ግን ልቤ «ዝም በል» አለኝ። ብናገር የተሰረቀ ዕቃ ገዢ እባላለሁ፤ ወይም ሽማግሌው በንዴት ጥለውኝ ይሄዳሉ፤ ሞረዱም የሚመጣው እኔ በገዛሁት ማረሻ በተከሰሰው ሰው እጅ ነው። ዝም ብል ደግሞ ምንም ያልሰረቀ ሰው ወገዳ ወርዶ ይታሰራል፤ አባት ልጁ ሞቷል ብሎ ያለቅሳል። እግሬን አሰብኩ። ዝም አልኩ።

ዝናቡ እኛ ጋ አልዘነበም። ላይ ነው የዘነበው። መጀመሪያ ነፋስ መጣ፤ አፈር አፈር ይሸታል። ከዚያ እንደ እባብ የቀጠነ ቡናማ ውሃ በድንጋዮቹ መኻል ተሳበና ጎኔን አራሰው። ጥቂት ቆይቶ ወፈረ። በወገቤ ሥር ሲያልፍ ቅዝቃዜው ተሰማኝ።

«ደራሽ ነው» አልኩ። «ይፍቱኝና ወደ ላይ ይውጡ።»

አያ ፈንታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ጭንቅላቴን ከድንጋዩ አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ዋሴ አይደለህ?» አሉ። «ዋሴን ለውሃ ትቼ የት እሄዳለሁ?»

ይህን ሲሉ ፊታቸው አልተለወጠም። ቀልድ ይሁን እውነት ለመለየት የሚያስችል ፊት አልነበራቸውም። ውሃው ግን ጉልበታቸው ደርሶ ነበር፣ እሳቸውም አልተነሱም።

«አያ ፈንታ» አልኩ፤ «ማረሻዎ እዚህ ነው።»

እጄን ከብረቶቹ ላይ አነሳሁ። ጎንበስ ብለው በጣታቸው የመስቀሉን ግማሽ ተከተሉ፤ ከተቆረጠበት ሲደርሱ ጣታቸው ወደ ሌላው ብረት ተሻገረ።

«ማን ሸጠልህ?»

«ረጅም፣ ቀጭን ወጣት ነው። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው።»

«በየት በኩል?»

«በቀኝ።»

«የጥጃ ቀንድ ነው» አሉ። «ሕፃን ሳለ።»

ውሃው ይጮሃል። ድምፄን ከፍ አድርጌ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። «ሌባ እንዳይሆን ብዬ ጠየቅሁት። ‹ከአባቴ የደረሰኝ ድርሻዬ ነው› አለኝ። ‹ታዲያ በምን ታርሳለህ?› ብለው፣ ‹ለድጓ ማረሻ አያስፈልገውም› አለ። እዚያው ገበያ ላይ የቆሎ ተማሪ የሚለብሰውን ደበሎ ገዛ። የድጓ ትምህርት ቤት ያለባትን የቤተ ልሔምን መንገድ ጠይቆኝ አሳየሁት። አልሞተም፤ ቤተ ልሔም ነው።»

«ለአባቴ ነግሬያለሁ አለህ?»

መዋሸት ቀላል ነበር። «አላለም። ‹አባቴ ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር። ግን ያዛሉ እንጂ አይጠይቁም› ነው ያለኝ።»

አያ ፈንታ ጭንቅላቴን ከሚወጣው ውሃ ከፍ አደረጉት። 

«ልማር ብሎ አንድ ቀን አፉን ከፍቶ ነበር» አሉ። «ሳይጨርስ፣ እርፍህን ጨብጥ አልኩት።» የብረቱን መስቀል እንደገና ዳሰሱ። «እርፉን ትቶ ማረሻውን ይዞ ሄደ።»

ውሃው ደረቴ ላይ ሲደርስ ከአፋፉ ድንጋይ ተንኮራኮረ። አዳነ ሞረዱን በጥርሱ ነክሶ፣ ጠፍር በትከሻው ጥሎ እየተንሸራተተ ወረደ። ጉልበቱ ደምቷል።

«ዋሴን ልታሰጥምብኝ ነው?» አለ አያ ፈንታን፣ ሞረዱን ከአፉ እያወጣ።

«ዝም ብለህ ሞርድ» አሉት።

አዳነ ሞረደ፤ አያ ፈንታ አገጬን ከውሃው በላይ ያዙ። ቡሎኑ ለስላሳ ብረት በመሆኑ ተበላ፤ ያ ማረሻ ቢሆን ኖሮ አይሞከርም። ጫፉ ተበልቶ ባለቀ ቁጥር አዳነ መፍቻውን እያስገባ፣ እኔ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» እያልኩ ፈታነው። የመጨረሻው ዳዶ ሲወጣ ማቀፊያው ተላቀቀ፤ መሪው ስንጥቁ ውስጥ ቀርቶ ሞተሩ ከሱ ተለየ። አንስተው ገፉት። እግሬ ወጣ። አልተሰበረም።

መሪውን ከስንጥቁ ነቅለን፣ ሞተሩን በጠፍር ከውሃው ጎትተን ወደ ጠርዙ ወጣን። ብዙም ሳንቆይ ትልቁ ውሃ እንጨትና ድንጋይ እየነዳ መጣና የተኛሁበትን ቦታ ሸፈነው። ሦስታችንም ቆመን አየነው። 

አያ ፈንታ መዳፋቸውን ዘረጉ። ሁለቱን ብረቶች ከውሃው ይዘዋቸው ወጥተዋል። አጋጠሟቸው፤ መስቀሉ ሙሉ ሆነ። አዳነ አየው፣ ከዚያ እኔን አየ።

«ይርዳው ነው የሸጠው» አሉት። «አንተ አይደለህም።»

ጎንበስ ብለው ከወንዙ ዳር ከባድ ድንጋይ አንስተው ማጅራታቸው ላይ አስቀመጡና በአዳነ ፊት አንገታቸውን ደፉ። የማይታጠፍ የመሰለኝ አንገት ነው።

 «ድንጋዩን ጣለው፣ አያ ፈንታ» አለ አዳነ። «ዛሬ ያየሁት ድንጋይ ይበቃኛል። ይቅር ብያለሁ።»

«ባትመለስ ኖሮስ?» አልኩት።

«ባልመለስ ሌባ ሆንኩ ማለት ነው። ሳልሰርቅ ለምን ሌባ እሆናለሁ?»

የእኔና የአያ ፈንታ ቋጠሮ ውሃ ጠጥቶ አልፈታ አለ። ነጠላዬን ቀደድኩት፤ ጫፉ ከጋቢያቸው ጋር ቀረ። ብረቶቹን ይውሰዱ አልኳቸው። «ልጄ ድርሻዬ ነው ብሎ ከሸጠው ያንተ ነው» አሉ። ትንሽ አሰቡና «አንዱን ብቻ ስጠኝ» አሉ። «ቤተ ልሔም ስሄድ ለጠብ አለመምጣቴን የማሳይበት።»

ሰጠኋቸው። በቦታው ከወይራ እንጨት እኩል ቁመት ያለው ጠርቤ ገጠምኩ። ሞተሩ አልነሳም ብሎ እስኪቀር ድረስ በአንድ ብረትና በአንድ እንጨት ነዳሁት።

በዓመቱ አርብ ገበያ ላይ አያ ፈንታን አገኘኋቸው። ልጃቸውን አግኝተውታል። «ምን አሉት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ምን አለኝ አትለኝም?» አሉኝ። «እኔማ ጠይቄ ዝም አልኩ። እሱ ነው እስኪመሽ ያወራው።»

አባቶች ሆይ፣ እኔ ጥብቅ አባት ነኝ፤ ዛሬም ጥብቅ ነኝ። ልጅ ያለ ሥርዓት ያድጋል የሚለኝን አልሰማውም። ያን ቀን የተማርኩት ስለ ቡሎን ነው። ከዚያ ወዲህ የሚላላ ነገር ሲገጥመኝ ጫፉን አልደፈጥጥም፤ በዳዶው ላይ ሌላ ዳዶ እጨምርና አንዱን ባንዱ አጠብቃለሁ። ያም አይላላም። ልዩነቱ፣ የሚፈታበት ቀን ሲመጣ መፈታቱ ነው። አያ ፈንታ ቤታቸውን የደፈጠጡ አባት ነበሩ፤ እኔም ገና ሕፃን ልጄን በዚያው መዶሻ ልቀጠቅጥ ተነስቼ ነበር። ልጁ አይላላም። አንድ ቀን ግን ውሃ ይመጣል።

ልጄ ሲያድግ አንድ ቀን ደጃፌ ላይ ቆሞ መሬት መሬት አየ። ትእዛዝ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን፣ ግማሽ መስቀል ያለበትን ብረት አየሁና «ምን ፈለግህ?» አልኩት። የነገረኝን አልወደድኩትም። ተከራከርን። እስከ ዛሬም አልወደድኩትም። ግን ያሰበውን ከእሱ ከራሱ አፍ ሰማሁ፤ ከቤቴም አንድም ማረሻ አልጠፋም።